የትኛው ምድጃ ይሻለኛል? 55,000 ወይስ 200,000 ቢቲዩ

ገና_ጀማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። እስካሁን አራት ጊዜ ቢራ ጠምቄያለሁ፤ ሁሉንም በኩሽና ምድጃ፣ በ10 ሊትር ድስት። ባለፈው 40 ሊትር ድስት ገዛሁና እዚያው ምድጃ ላይ ጣድኩት። ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ዳር ዳሩ ትንሽ ይንተከተካል፣ መሀሉ ጭጭ። ባለቤቴ መጥታ አየችና "ይኼ ቢራ ነው ወይስ የገላ መታጠቢያ?" ብላ ሄደች።

ስለዚህ ከቤት ውጭ የሚሠራ የጋዝ ምድጃ ልገዛ ነው። ሁለት አይቻለሁ። አንዱ ሰፊ ክብ ነው፤ ብረቱ ወፍራም፣ ብዙ ትናንሽ ቀዳዳ ያለው። ካርቶኑ ላይ 55,000 ቢቲዩ ይላል፤ በሰዓት የሚያወጣው የሙቀት መጠን መለኪያ ነው። ሌላው መሀሉ ላይ አንድ አፍ ብቻ ያለው፣ እሳቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሚተፋ ነው። 200,000 ይላል። በእኔ ሂሳብ ሁለተኛው አራት እጥፍ ይፈጥናል። የምጠምቀው 28 ሊትር አፍልቼ 24 ገደማ እንዲተርፈኝ ነው። ምን ትላላችሁ?

ነበልባሉ

200,000ውን ውሰድ። ጉልበት ተርፎ አያውቅም።

ብቅልና_ውሃ

ይተርፋል እንጂ! ቆይ በቁጥር እንየው።

1 ኪሎዋት በሰዓት 3,412 ቢቲዩ ነው። ስለዚህ 55,000 ማለት 16 ኪሎዋት ገደማ፣ 200,000 ማለት ከ58 በላይ። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.19 ኪሎጁል ይበላል። ብቅሉን አውጥተህ የቀረህን 28 ሊትር ዎርት (ገና ያልቦካውን የብቅል ጭማቂ) ከ67 ዲግሪ ወደ 100 ልታደርስ ነው እንበል። 3,870 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልግሃል። ደጅ ላይ የሚነድ ጋዝ ግማሹ እንኳ ድስት ውስጥ አይገባም፤ የቀረው በድስቱ ጎን አድርጎ ወደ ሰማይ ነው። 40 በመቶው ገባ ብለን እናስብ። ያ 55,000 ቢቲዩ ያልከው ምድጃ በ10 ደቂቃ ያደርሰዋል። ነፋሱንና የድስቱን ብረት ጨምረህ 15 በለው። ትልቁ ከዚህ ላይ ስንት ደቂቃ ሊቀንስልህ ነው? ያውም ነበልባሉ ከድስቱ ቂጥ አልፎ በጎን ካልወጣ።

ካርቶኑ የማይነግርህ ሌላ ነገር አለ። ዎርቱ አንዴ ከፈላ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ትቆያለህ። አንድ ሊትር ውሃ እንፋሎት ሲሆን 2,257 ኪሎጁል ይወስዳል። በሰዓት 4 ሊትር እንዲተንልህ ከፈለግህ ድስቱ ውስጥ መግባት ያለበት 2.5 ኪሎዋት ብቻ ነው። ከ58ቱ 2.5! ድስቱ በጎኑ የሚያጣውንና በአየር ላይ የሚባክነውን ብትደምርበት እንኳ ከ10 አይዘልም። ስለዚህ ሻጩን ጠይቀው፤ እሳቱ ሳይጠፋና ሳይንተፋተፍ ምን ያህል ዝቅ ይላል? ብዙዎቹ ይኼ ጥያቄ ግር ይላቸዋል።

ገና_ጀማሪ

እህቴ ተባረኪ። ይኼን ማንም አልነገረኝም። ሻጩ የነገረኝ "ይኼኛው ኃይለኛ ነው" ብቻ ነው።

ጋሽ_ድስት

እኔ የጀመርኩት በዚያ ባለ አንድ አፍ ምድጃ ነው፣ የኔ ልጅ። ሲነድ እንደ አውሮፕላን ይጮኻል። አጠገቡ ቆመህ ማውራት አትችልም። ጎረቤት አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "ሰላም ነው?" ይላል።

ድምፁን እንኳ ለመድኩት። ያስመረረኝ ማረሩ ነው። እሳቱ አንድ ቦታ ብቻ ይመታል። የያኔው ድስቴ ደግሞ ቂጡ ስስ ነበር። ያን ቀን ወፍራሙን የብቅል ሽሮፕ እሳቱ እየነደደ ከላይ ገለበጥኩት። ሽሮፑ ከውሃ ይከብዳል፣ ቀጥ ብሎ ወረደና መሀል ላይ ተኛ። እኔ ላይ ላዩን አማስላለሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የስኳር ቃጠሎ ሸተተኝ። በኋላ ድስቱን ስገለብጥ መሀሉ ላይ መዳፌን የምታህል ጥቁር ክብ ተጣብቃለች። በቢላ ጫፍ ነው የፋቅኋት። ቢራውን ልደፋው አንጀቴ አልቻለም፣ ጠጣሁት። ለአንድ ወር የሲጋራ መተርኮሻ እንደመላስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሽሮፕ ሲገባ እሳቱን ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ። ማማሰያውን ቂጡ ድረስ አወርድና ምንም የሚይዘው ነገር እስካጣ አማስላለሁ። ከዚያ ነው መልሼ የምለኩሰው። ለአንተ ያ ባለ ብዙ ቀዳዳው ይሻልሃል። ሙቀቱን ቂጡ ሁሉ ላይ ያዳርሰዋል።

ነበልባሉ

ጋሼ፣ ያማ የምድጃው ጥፋት ሳይሆን የእርስዎ ነው 😄 እኔ በባለ አንድ አፍ ስድስት ዓመት ጠምቄ አንድም ቀን አላረረብኝም። ወፍራም ቂጥ ያለው ድስት ይግዛና ይገላገል። 60 ሊትርና ከዚያ በላይ ለሚያፈላ ሰውማ ትንሹ ምድጃ ስቃይ ነው።

ጋሽ_ድስት

60 ሊትር አላለም እኮ ልጁ።

ጭስ_አልባ

ሁላችሁም ጋዝ ጋዝ ትላላችሁ። እኔ ከተውኩት ሦስት ዓመት ሆነኝ። 2 ኪሎዋት ኢንዳክሽን አለኝ፣ ድስቱን በማግኔት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ። ዝናብም ነፋስም አይመለከተኝም። ሲሊንደር መሀል ላይ አለቀ የሚባል ነገር የለም። ሙቀቱ 85 በመቶ ገደማው ድስቱ ውስጥ ይገባል። ልጆቹ ሲተኙ እጠምቃለሁ።

ነበልባሉ

ወዳጄ፣ በ2 ኪሎዋት 28 ሊትር እስኪፈላ ጺምህ ያድጋል።

ብቅልና_ውሃ

ጺም ድረስ እንኳ አይሄድም፣ ግን ይዘገያል። ውሃውን ከ20 ወደ 70 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ዎርቱን ከ67 ወደ 100 ለማድረስ ደግሞ 38 ደቂቃ። ይኼም ድስቱ በጎኑ የሚያጣውን ሳልቆጥር ነው። ሰዓት ያለው ሰው ምን ቸገረው። ድስቱን ሙቀት በሚችል ነገር መጠቅለል ነው።

ጭስ_አልባ

ጠቅልየዋለሁ። ክዳኑንም ግማሽ ድረስ ገፋ አድርጌ እተወዋለሁ፣ ፍላቱ ይጠነክርልኛል። ድስቱን ስትገዛ ግን ማግኔት ይዘህ ሂድ። ቂጡ ላይ ካልተጣበቀ ኢንዳክሽኑ አያውቀውም፤ ድስት የለም ብሎ ይጮኻል። ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን ማሞቂያ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ ውሃው ሳይሸፍነው እንዳታበራው፣ ወዲያው ይቃጠላል። እጅህ እርጥብ፣ ወለሉ እርጥብ ነውና መሬት ያለው ሶኬትና ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር የግድ ነው።

ጋሽ_ድስት

ክዳኑን ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጉት ለጀማሪዎቹ ንገራቸው። ከብቅሉ የሚወጣው ዲኤምኤስ የሚሉት ነገር በእንፋሎት ካልሄደ ቢራው የተቀቀለ በቆሎ ይሸታል። በተለይ በፈዛዛው የፒልስነር ብቅል። በእሱ የሚጠምቅ ሰው ብዙ ጊዜ 90 ደቂቃ የሚያፈላው ለዚህ ነው።

በያጁ

ስለ ሬጉሌተር፣ ሲሊንደሩ ላይ ስለሚታሰረው የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ፣ ማንም አላነሳም። ገርሞኛል።

የኩሽና ሬጉሌተር ዝቅተኛ ግፊት ነው፣ 30 ሚሊባር አካባቢ። ያ ጯሂው ምድጃ ግን በእጅ የሚዞር፣ 1 ወይም 2 ባር ድረስ የሚሰጥ የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር ይፈልጋል። በኩሽናው ብትነዳው የሻማ ያህል ነው የሚያበራልህ። ገልብጠህ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ምድጃ ላይ የከፍተኛውን ብትገጥም ደግሞ እሳቱ ከምድጃው ተነስቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ይጠፋል፣ ጋዙ ግን መውጣቱን ይቀጥላል። ምድጃው የተሠራለትን ብቻ ግጠም።

በቧንቧ የሚመጣው የተፈጥሮ ጋዝና የሲሊንደሩ ፕሮፔንም አንድ አይደሉም። ለተፈጥሮ ጋዝ የተሠራው የጋዝ ቀዳዳ ሰፊ ነው። በእሱ ፕሮፔን ከለቀቅህ እሳቱ ቢጫ፣ ረጅም፣ ጥላሸታም ይሆናል። "ቀዳዳውን በመሰርሰሪያ አስተካክልልሃለሁ" የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ሽሽ። እኔ ሥራዬ ብየዳ ነው፣ መሰርሰሪያው እጄ ላይ ነው፣ ግን አልነካውም።

እግሩንም እይ። 28 ሊትር ዎርት ከነድስቱ 35 ኪሎ ገደማ ነው። የሚፈላ፣ ቆዳ ላይ የሚጣበቅ 35 ኪሎ። ቀጫጭን እግር ያለው ረጅም ማቆሚያ አልወድም። ሱቅ ውስጥ ባዶውን በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገው። ከተወዛወዘ ተወው። ስትጠምቅም ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ ጣትህ የተሸፈነ ጫማ አድርግ።

ገና_ጀማሪ

እሺ፣ 55,000ውን ልወስድ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ። ዝናብ ከመጣ ጋራዥ ውስጥ አስገብቼ መጥመቅ እችላለሁ? በሩን ከፍቼ።

በያጁ

አይሆንም።

ብቅልና_ውሃ

አይሆንም። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል። ካመለጠ ወለል ላይ ይተኛል፣ ዝቅ ያለ ቦታ እየፈለገ ይሄዳል። ሽታ የተጨመረበት እንድታውቀው ነው፤ ግን አፍንጫህ ከወለሉ ሩቅ ነው። በደንብ ያልነደደ እሳት የሚያወጣው መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም።

ማማሰያ

እኔ ለዓመታት እዚህ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ይኼን ግን ልጻፍ። አንድ ክረምት በሩን እስከ ወገቤ ከፍቼ ጋራዥ ውስጥ ጠመቅሁ። ነፋስ እሳቱን እንዳይረብሸው ብዬ ነው ሙሉውን ያልከፈትኩት። ሆፕሱን (ቢራውን የሚያመርረውን አበባ) ከጨመርኩ በኋላ ራሴን ያመኝ ጀመር። የእንፋሎቱ ሙቀት መሰለኝ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሆፕስ የምጨምርበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፌ ነበር፣ ወረቀቱን እያየሁ ቁጥሩ አልገባ አለኝ። 15 ነው 51 ነው? እህቴ ስልክ ደወለች፣ አወራሬ አላማራትም፣ "ውጣ!" ብላ ጮኸችብኝ። ወጣሁ። ሣሩ ላይ ተኝቼ አስመለሰኝ።

ድስቱን በኋላ ሳነሳው ቂጡ በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ምድጃው በደንብ ሳይነድ እንደቆየ ያኔ ነው የገባኝ። ዝናብ ከመጣ ቀኑን ቀይር።

ገና_ጀማሪ

እግዚአብሔር ይመስገን ተረፍክ። በቃ ደጅ ነው፣ ዝናብ ከመጣም ሌላ ቀን።

ነበልባሉ

ማማሰያ፣ እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ገና_ጀማሪ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ምድጃው መጣ። ትናንት ለሙከራ 28 ሊትር ውሃ ጣድኩበት። መጀመሪያ ቀለሙ እየተቃጠለ ጨሰ፣ እሱስ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እሳቱ የጣት ጥፍር አክሎ ቀረ። ሙሉ ከፈትኩት፣ ያው ነው። ሲሊንደሩ አዲስ የተሞላ ነው። 40 ደቂቃ ቆይቶ ውሃው 48 ዲግሪ። ባለቤቴ እንደገና ስለ ገላ መታጠቢያው አነሳች።

በያጁ

ሲሊንደሩን ስትከፍት የምድጃው ቫልቭ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ?

ገና_ጀማሪ

ክፍት። ክብሪቱን አዘጋጅቼ አንዴ ለቀቅሁት።

በያጁ

ተገኘ። አንዳንድ ሬጉሌተር ውስጥ ቱቦ ቢበጠስ ጋዙን የሚያንቅ መከላከያ አለ። አንዴ ከለቀቅህበት ቱቦ የተበጠሰ ይመስለውና ያንቀዋል። ጠብታ ጠብታ ብቻ ያሳልፋል። ሁሉንም ዝጋ። ሬጉሌተሩን ከሲሊንደሩ ፍታው፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተህ መልሰህ እሰረው። የምድጃው ቫልቭ ዝግ መሆኑን እይ። ከዚያ ሲሊንደሩን በጣም በዝግታ ክፈት። በመጨረሻ የምድጃውን ትንሽ ከፍተህ ለኩስ። ፈተህ ስላሰርከው ደግሞ መገጣጠሚያውን በሳሙና ውሃ ቀባው። አረፋ ከሠራ ያፈስሳል።

ስትጨርስ በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዝጋ፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ነዶ ሲያልቅ የምድጃውን ትዘጋለህ።

ገና_ጀማሪ

ሠራ!! ወንድሜ እጅህ ይባረክ። አሁን ትልቅ እሳት አለኝ፣ ግን ጫፉ ቢጫ ነው። ድስቱም እየጠቆረ ነው።

በያጁ

አየር አንሶታል። ጋዙ በሚገባበት ቧንቧ አፍ ላይ የምትዞር ቆርቆሮ አለች። ብሎኗን ላላ አድርገህ ቀስ እያልክ ክፈታት። ሰማያዊ ሆኖ ምድጃው ላይ ተጣብቆ ሲነድ አቁም። ከዚያ አልፈህ ከከፈትካት እሳቱ ይነሳና እንደ ጨርቅ መርገፍገፍ ይጀምራል፤ ትንሽ መልሳት። የድስቱ ቂጥ ትንሿን የውስጥ ነበልባል የሚጫናት ከሆነም ያው ጥላሸት ነው፣ ድስቱን ከፍ የሚያደርግ ነገር ያስፈልግሃል።

ለወደፊቱ ደግሞ፦ ምድጃው ወራት ከተቀመጠ እዚያ ቧንቧ ውስጥ ሸረሪት ቤቷን ትሠራለች። አትሳቅ። እሳቱ በድንገት ቢጫ ወይ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

ብቅልና_ውሃ

ከፍ ያለ ቦታ ላይ የምትጠምቁ ይኼን ቢጫ ቶሎ ታዩታላችሁ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ። ፍላቱም ከ100 በታች ነው። 2,000 ሜትር ላይ ውሃ በ93 ዲግሪ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ 100 እስኪል እሳት የሚጨምር ሰው አይቻለሁ፤ ድስቱን ነው ያገነፈለው። ዎርቱ ከተንከተከተ ፈልቷል። ከሆፕሱ የሚወጣው ምሬት ግን ስለሚቀንስ ትንሽ ጨመር አድርጉ።

ጭስ_አልባ

አንድ ነገር ከጋዝ ዘመኔ ትዝ አለኝ። ሲሊንደሩ ላይ ውርጭ ከሠራና እሳቱ እየደከመ ከሄደ ጋዙ አለቀ ማለት ላይሆን ይችላል። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ራሱን ያቀዘቅዛል። ፕሮፔን እስከ 42 ከዜሮ በታች ስለሚተን ይቋቋማል። ቡቴን ግን ዜሮ አካባቢ ላይ እምቢ ይላል። እሳቱን ቀንሶ ማሳረፍ ነው። ሲሊንደሩን በእሳት ላሙቅ የሚል ሰውም ነበር በዘመኔ…

ነበልባሉ

ስንት እንደቀረ ለማወቅ ደግሞ ለብ ያለ ውሃ በጎኑ አፍስስና በመዳፍህ ዳብስ። ፈሳሹ ያለበት ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። ባለ 58 ኪሎዋቱ ሙሉ ከነደደ በሰዓት ከ4 ኪሎ በላይ ይጠጣል፣ እሱን አምናለሁ።

ጋሽ_ድስት

ዛሬ ገና አመነ!

ገና_ጀማሪ (ቅዳሜ ማታ)

ጠመቅሁ። እንደሆነው ልንገራችሁ።

ብቅሉን 66 ላይ ማቆየት ነበረብኝ። 66 ሲል እሳቱን አጠፋሁት፤ የድስቱ ብረት የያዘው ሙቀት 68 አደረሰው። በሚቀጥለው 64 ላይ ነው የማጠፋው።

ዎርቱ 14 ደቂቃ ውስጥ ፈላ። ሰዓት ይዣለሁ፣ እህታችን 15 ብላ ነበር። ሊፈላ ሲል ላዩ ላይ አረፋ ሞላ፣ ቡናማ፣ ወፍራም። እሳቱን ልቀንስ ጎንበስ ስል ስልኬ ጮኸ። ስልኩን አየሁ። ያየሁት ለሦስት ሰከንድ ነው፣ እምላለሁ። ገነፈለ። በጎኑ ወርዶ ምድጃውን አጠፋው። ፀጥ አለ። ከዚያ ጋዙ ብቻውን ሲያፏጭ ሰማሁ። ወዲያው ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ አምስት ደቂቃ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ እንደገና ለኮስኩ። ግማሹ ቀዳዳ በስኳር ተደፍኖ ነበርና አንድ ጎኑ ብቻ ነደደ። በዚያው ጨረስኩት።

ጋሽ_ድስት

አምስት ደቂቃ መጠበቅህ ጥሩ ነው። ምድጃው ሲበርድ በሽቦ ብሩሽ ፋቀው፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ። በሚቀጥለው አረፋው መነሳት ሲጀምር እሳቱን ቀድመህ አውርድ። የሚረጭ ጠርሙስ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይዘህ አረፋው ላይ እፍ አድርግበት፣ ይሰበራል። አረፋው ከተሰበረ በኋላ ሰላም ነው፤ ሆፕስ ስትጨምር ግን ተመልሶ ይነሳል፣ እንዳትታለል።

ስልኩን ደግሞ ቤት ውስጥ ተወው።

ብቅልና_ውሃ

ስንት ሊትር ተነነ?

ገና_ጀማሪ

3 ሊትር ተኩል። እሳቱ ሩብ ላይ ነበር። አሁን እርሾው ገብቶበት ጓዳ ተቀምጧል። ባለቤቴ መጥታ አሸተተችና "መቼ ነው የሚጠጣው?" አለች። ገላ መታጠቢያ የሚለው ቀርቷል።

በያጁ

ሲሊንደሩን ዘግተኸዋል?

ገና_ጀማሪ

…ሄጄ ልየው።

ገና_ጀማሪ

ተዘግቷል። እሷ ናት የዘጋችው።